የስኳር በሽታ፣ የደም ቅባትና «የኦክስጂን ክፍሉ» ሕክምና
ትምህርታዊ ጽሑፍ ለሄሉ ነዋሪዎች



ሰሞኑን እዚህ ሄሉ በየቡናው ላይ አንድ ወሬ ሲነገር ሰንብቷል። ወሬው የስኳር ሕመምተኛን ኦክስጂን በተሞላ ዝግ ክፍል ውስጥ በማስተኛት በደሙ ያለውን ስብ «አቃጥሎ» የሚያጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ኪኒንም ሆነ መርፌ የማያስፈልገው ሕክምና ተገኝቷል የሚል ነው። ወሬው በውጭ አገር ካሉ ዘመዶች በስልክ የመጣ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ታማሚያቸውን ናይሮቢ ለመላክ እየተመካከሩ ሲሆን፣ «እስከዚያው ኪኒኑ ይቆይ» ብለው መድኃኒት ያቋረጡም እንዳሉ ሰምተናል።

እኛ አስተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም ገንዘብ ከመዋጣቱና ኪኒን ከመቋረጡ በፊት ጉዳዩን ደረጃ በደረጃ መረዳት ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ በግፊት የሚሰጥ የኦክስጂን ሕክምና እውነተኛ ሕክምና ነው፤ የሚያገለግለው ግን ለጥቂት ነገሮች ብቻ ነው፤ የደም ቅባት ከእነዚያ አንዱ አይደለም። የደም ቅባትን የሚቀንሱት ነገሮች አብዛኞቹ ክፍል ተከራይተን የምናገኛቸው ሳይሆኑ በቅርባችን ያሉ ናቸው።

1. የደም ቅባት ምንድን ነው?

ቅባት በራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነታችን ሕዋሳቱን የሚገነባው፣ ለክፉ ቀን ማገዶ የሚያስቀምጠው በቅባት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲበዛና ያለ ቦታው ሲከማች ነው።

ዘይትና ውሃ እንደማይዋሃዱ ሁላችንም እናውቃለን። የደም ፈሳሽ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ሰውነት ቅባቱን በፕሮቲን ጠቅልሎ፣ ልክ ዕቃ በመኪና እንደሚጫን አድርጎ ያጓጉዘዋል። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የምናያቸው ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦

ሀ. ኤል-ዲ-ኤል፦ ኮሌስትሮል ጭኖ ከጉበት ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የሚሄድ ነው። ሲበዛ ጭነቱን በመንገድ ላይ ይጥላል፤ ይኸውም በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ይጠራቀማል። «መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. ኤች-ዲ-ኤል፦ የተረፈውን ኮሌስትሮል ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚመልስ ነው። «ጥሩው ኮሌስትሮል» ይባላል።

ሐ. ትራይግሊሰራይድ፦ የማገዶ ቅባት ነው። ከበላነው ዘይትና ስብ ይመጣል። ከዚህም ሌላ ከመጠን በላይ የበላነውን ስኳርና ዱቄት ጉበት ራሱ ወደዚህ ቅባት ይለውጠዋል። ጮማ የማይበላ ሰው ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ብሎ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው።

በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመ ቅባት ቀስ በቀስ መንገዱን ያጠብባል። አንድ ቀን ግድግዳው ቢሰነጠቅ በቦታው ላይ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። ይህ በልብ ላይ ሲደርስ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ይሆናል፤ በአንጎል ላይ ሲደርስ ስትሮክ ይባላል፤ ወደ እግር የሚወርደው ቧንቧ ሲጠብ ደግሞ እግር ደም ያጣል፣ ቁስልም አልድን ይላል።

2. የስኳር በሽታ ቅባቱን እንዴት ያዛባል?

ቆሽታችን የሚያመነጨው ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት እንደሚያስገባ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሁለተኛው ሥራው ግን ብዙም አይነገርም። ኢንሱሊን የስብ ጎተራችን ዘበኛ ነው። የተከማቸው ስብ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ በሩን ይዘጋል።

ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዝም ሲለው በሩ ይላላል። ስቡ ወደ ደም ይለቀቃል፤ ጉበት ይቀበለውና ትራይግሊሰራይድ አድርጎ መልሶ ወደ ደም ይልከዋል። ከዚህም የተነሣ በብዙ የስኳር ሕመምተኞች ዘንድ ትራይግሊሰራይድ ይወጣል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል። መጥፎው ኮሌስትሮል በቁጥር ብዙ ባይጨምርም እንኳ ቅንጣቶቹ አነስተኛና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሚሆኑ ወደ ቧንቧ ግድግዳ በቀላሉ ይሰርጋሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ የደም ቅባት ሲበዛ አያምም፣ አያስልም፣ አያተኩስም። የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ «እኔ ቀጭን ነኝ፤ ይህ የወፍራሞች በሽታ ነው» ማለት አያዋጣም። በአገራችን ገጠር ቀጫጭን ሆነው የስኳር በሽታ የያዛቸው ብዙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ በተደረገው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ለብቻው እውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ ወፍራምም ሆነ ቀጭን፣ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሁሉ የደም ቅባቱን መመርመር ይገባዋል።

3. ሁለት አገር፣ ሁለት መለኪያ

በሞያሌ የምንኖር ሰዎች ሌላ ቦታ ያለ ሕመምተኛ የማያጋጥመው ችግር አለብን። አንዱ ወረቀታችን ከኢትዮጵያ በኩል፣ ሌላው ከኬንያ በኩል ይሆናል። በኢትዮጵያ የደም ስኳርም ሆነ ቅባት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሚሊ ግራም በዲሲ ሊትር ነው። በኬንያ ደግሞ በሚሊ ሞል በሊትር ይጻፋል። ቁጥሮቹ በጣም ስለሚለያዩ ሰው ይሳሳታል። በኢትዮጵያ ስኳሩ 162 የነበረ ሰው በኬንያ 9 የሚል ወረቀት ሲሰጠው «ስኳሬ ጠፋ!» ብሎ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን አንድ ናቸው!

የኬንያውን ቁጥር ወደ ኢትዮጵያው ለመለወጥ እንዲህ አድርጉ፦

የደም ስኳር ሲሆን በ18 አባዙ።
ኮሌስትሮል (ጠቅላላው፣ ኤል-ዲ-ኤል፣ ኤች-ዲ-ኤል) ሲሆን በ38.7 አባዙ።
ትራይግሊሰራይድ ሲሆን በ88.6 አባዙ።

ምሳሌ፦ በኬንያ ወረቀት ላይ ኤል-ዲ-ኤል 3.4 ቢል፣ 3.4 × 38.7 = 132 ገደማ ይሆናል። ትራይግሊሰራይድ 2.3 ቢል፣ 2.3 × 88.6 = 204 ገደማ ነው።

ለስኳር ሕመምተኛ በጠቅላላው የሚመከሩት መጠኖች የሚከተሉት ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር በኢትዮጵያው፣ በቅንፍ ያለው በኬንያው መለኪያ ነው።

ኤል-ዲ-ኤል፦ ከ100 በታች (2.6)። ልቡን የታመመ፣ ስትሮክ የመታው ወይም ሌላ ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ሰው ከ70 በታች (1.8)፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ።
ኤች-ዲ-ኤል፦ ለወንድ ከ40 በላይ (1.0)፣ ለሴት ከ50 በላይ (1.3)።
ትራይግሊሰራይድ፦ ከ150 በታች (1.7)።

ትራይግሊሰራይድ ከ500 (5.6) ካለፈ ቆሽትን ሊያሳብጥ ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በተለይ ከሆድ በላይኛው ክፍል ወደ ጀርባ የሚወጋ ኃይለኛ ሕመምና ትውከት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ነው።

የእያንዳንዱ ሰው ግብ እንደ ዕድሜውና እንደ ሌላ ሕመሙ ስለሚለይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሐኪሙ ነው። ከቤቱ በድንገት የወጣ ሰው የሕክምና ካርዱን ይዞ አይወጣም። በመሆኑም የመድኃኒታችሁን ስም፣ መጠንና የመጨረሻ ውጤታችሁን፣ ከነመለኪያው፣ በአንድ ደብተር ላይ ጽፋችሁ ከራሽን ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡ።

4. በግፊት የሚሰጥ ኦክስጂን ምንድን ነው?

አሁን ወደ ወሬው እንምጣ። ሕክምናው በባዕድ አጠራሩ «ሃይፐርባሪክ ኦክስጂን» ይባላል። በሽተኛው ጠንካራ በሆነ ዝግ ክፍል ወይም ትልቅ በርሜል በመሰለ መሣሪያ ውስጥ ሆኖ፣ የአየሩ ግፊት ከፍ ተደርጎ፣ ንጹሕ ኦክስጂን እንዲተነፍስ ይደረጋል።

ግፊት ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የለስላሳ ጠርሙስ እንመልከት። ቆርኪው እስኪከፈት ድረስ አረፋ አይታይም። ጋዙ በግፊት ተገዶ በውሃው ውስጥ ሟሟቷል። ቆርኪው ሲከፈት ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ ይፈላል። ከዚህ የምንማረው ግፊት ሲጨምር በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ እንደሚጨምር ነው። በደምም እንዲሁ ነው።

የአየር ግፊት በየቦታው አንድ አይደለም። ሞምባሳ ባሕር ዳር ያለውን ግፊት 1 ብንል፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ግፊቷ የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እኛ ያለንበት ሞያሌ በመካከላቸው ይገኛል። በሕክምናው ክፍል ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ ከባሕር ዳሩ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ይደረጋል፤ ይህም ከ10 እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ባሕር ውስጥ እንደ መግባት ነው። ሕክምናው መጀመሪያ የታወቀውም ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት ወጥተው ለሚታመሙ ጠላቂዎች ነበር።

በተለመደው ሁኔታ ኦክስጂን የሚጓዘው በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ተጭኖ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ደም በእነርሱ አማካይነት 20 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጂን ይሸከማል። በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ግን 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ንጹሕ ኦክስጂን በ3 እጥፍ ግፊት ሲተነፈስ ይህ ትንሽ መጠን ወደ 6 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የሆላንዱ ቀዶ ሐኪም ኢቴ ቡረማ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሥራ ቀይ የደም ሕዋሳታቸው ከሞላ ጎደል የተወገደ እንስሳት በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ በፈሳሹ በሟሟው ኦክስጂን ብቻ ለጊዜው በሕይወት ሊቆዩ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ማሳሰቢያ፦ በሆስፒታል በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጠው ኦክስጂን ይህ አይደለም፤ ግፊት የለውምና። በአየር የሚነፉና ግፊታቸው 1.3 እጥፍ ገደማ ብቻ የሆኑ ከረጢቶችም በአንዳንድ አገር ለገበያ ይቀርባሉ። እነርሱም ከሆስፒታሉ ክፍል ጋር አንድ አይደሉም።

5. የስኳር ሕመምተኛን የሚረዳው በምንድን ነው?

ደም በደንብ የማይደርሰው የእግር ቁስል ኦክስጂን ይራባል። ኦክስጂን ያጣ ቁስል አዲስ ሥጋ ማብቀልም ሆነ ጀርም መዋጋት ያቅተዋል። በግፊት የተሰጠ ኦክስጂን በደሙ ፈሳሽ ሟሙቶ ወደ ቁስሉ ሊደርስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ሐሳብ በሰዎች ላይ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የስዊድን ጥናት ለረጅም ጊዜ ያልዳነ የእግር ቁስል የነበረባቸውን 94 የስኳር ሕመምተኞች በሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ኦክስጂን ለሌላው ተራ አየር በዚያው ክፍል ውስጥ ሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ ኦክስጂን ካገኙት 52 በመቶ፣ ተራ አየር ካገኙት 29 በመቶ ቁስላቸው ድኗል። ይህ ጥሩ ውጤት ነው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የሆላንድና የቤልጂክ ጥናት፣ እግራቸው ደም ያጣባቸውን 120 ሕሙማን ተከታትሎ፣ እግርን ከመቆረጥ በማዳን ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አላገኘም። እንዲያውም ኦክስጂን ከታዘዘላቸው 60 ሰዎች 21ዱ ሕክምናውን መጨረስ አልቻሉም። ለምን ቢባል ሕክምናው አድካሚ ነው። አንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በሳምንት 5 ቀን፣ በድምሩ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይደጋገማል። ይህም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ማለት ነው።

ስለዚህ የሐኪሞች አቋም እንዲህ ነው፦ ቁስሉ ተጠርጎ፣ ጀርሙ ታክሞ፣ ጫናው ከእግሩ ላይ ተነሥቶ፣ የደም ቧንቧው ታይቶ፣ ስኳሩ ተስተካክሎ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ አልድን ላለ ለተመረጠ ቁስል ተጨማሪ ሆኖ ሊታዘዝ ይችላል። ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

6. ታዲያ ቅባትን ያቃጥላልን?

ወሬው ያሳመነን አንድ እውነት የሚመስል ነገር ስላለው ነው። ስብ በሰውነት ውስጥ የሚነደው በኦክስጂን ነው። እንግዲያው ኦክስጂን ቢጨመር ስብ ይበልጥ ይነዳል ያሰኛል። ከሰል ማንደጃ ሲራገብ ፍሙ አይደምቅምን?

ሰውነት ግን እንደ ከሰል ማንደጃ አይደለም። የነዳጁን መጠን የሚወስነው የሚሠራው ሥራ ነው። የቆመ መኪና መስኮቱን ብንከፍትለት ቤንዚን አይጨርስም፤ ቤንዚን የሚጨርሰው ሲነዳ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ደሙ አካሉን ዞሮ ወደ ልብ ሲመለስ ከጫነው ኦክስጂን አራት እጅ ሦስቱን እንደያዘ ይመለሳል። ኦክስጂኑ ሳይነካ ተረፈ ማለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ደም ቅባት የበዛበት ኦክስጂን ስላነሰው ሳይሆን የጎተራው ዘበኛ ኢንሱሊን ስለደከመና ጉበት ቅባት አብዝቶ ስለሚልክ ነው። ዘበኛው ሳይጠገን ክፍሉን በኦክስጂን መሙላት በሩን አይዘጋም።

በኦክስጂን ክፍል የታከሙ ሰዎችን የደም ቅባት በፊትና በኋላ የለኩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። ይሁን እንጂ በሆስፒታል የተኛ ሰው ምግቡም ይስተካከላል፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይወስዳል፣ ቁስሉም ሲሻለው የሰውነቱ ሁኔታ ይለወጣል። ስለዚህ ቅባቱ ቢቀንስ እንኳ የቀነሰው በኦክስጂኑ ነው ለማለት ያስቸግራል። የታወቁ የስኳር በሽታ መመሪያዎችም ይህን ሕክምና ለደም ቅባት አያዙትም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ባወጣው ማስጠንቀቂያ ሕክምናው የስኳር በሽታን ማዳኑ እንዳልተረጋገጠ በግልጽ ተናግሯል።

ሕክምናው ያለ ጉዳትም አይደለም። ጆሮን ያማል፤ አንዳንዴም የጆሮን ታምቡር ይጎዳል። የዓይን እይታን ለጊዜው ሊለውጥ፣ አልፎ አልፎም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። በስኳር ሕመምተኛ ላይ የደም ስኳር በክፍሉ ውስጥ እያለ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ከመግባቱ በፊት ይለካል። ኦክስጂን ባለበት እሳት እጅግ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በትሮይ ከተማ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ በተነሣ እሳት አንድ ሕፃን ሕይወቱ አልፏል።

7. የደም ቅባትን በእርግጥ የሚቀንሰው ምንድን ነው?

ሀ. ኪኒን። ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች (ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲን) ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ይገታሉ፤ ጉበትም የጎደለውን ለማሟላት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የብሪታንያና የአየርላንድ ጥናት ልባቸውን ታመው የማያውቁ 2,838 የዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኞችን ተከታትሎ፣ በቀን 10 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን የመሳሰሉ አደጋዎችን በ37 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከታቀደለት 2 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ቆሟል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግብ፣ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመምተኞች 60 በመቶው እስከ 2030 ስታቲን እንዲያገኙ ይጠይቃል። የኦክስጂን ክፍል በዚህ ግብ ውስጥ የለም።

ስለሆነም ዕድሜው 40 የሞላው የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በሚቀጥለው ቀጠሮው «ስታቲን ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር። ኪኒኑን የጀመረ ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ ኃይለኛ የጡንቻ ሕመም ወይም የጠቆረ ሽንት ካየ ቶሎ ይሂድ። ከኪዮስክ ገዝቶ በራስ መጀመር ግን አይገባም።

ለ. ምግብ። የምንበላውን ሁሉ የምንመርጥበት ኑሮ ላይ እንዳልሆንን እናውቃለን። ቢሆንም ካለን ላይ መምረጥ ይቻላል። ቅቤ፣ የሥጋ ጮማ፣ የግመል ሻኛና በቆርቆሮ የሚሸጥ የረጋ የምግብ ቅባት መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራሉ። በፓልም ዘይት ውስጥ ካለው ቅባት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለው ነው፤ በሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ግን ከአሥር እጅ አንድ ያህል ነው። ዘይቱን ከጀሪካን በቀጥታ ከማፍሰስ በማንኪያ መለካት ልመዱ። አተር ክክና ባቄላን አትሽጡ፤ ለስኳርም ለቅባትም ከበቆሎ ዱቄት ይሻላሉ። ጎመን (በዚህ አገር ሱኩማ የሚባለው) በትንሽ ዘይት ይሠራ። ማንዳዚና በዘይት የራሰ ቻፓቲ የየቀን ቁርስ አይሁን። ቡና ቀላም ለእንግዳና ለበዓል ቢሆን ይበቃል።

ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ትራይግሊሰራይድን ይጨምራሉ። በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ፣ ማለት 7 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። ጫት የሚቅሙ ወገኖች አብረው የሚጠጡትን ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ይቁጠሩት። ሲጋራ ደግሞ ቅባት የጎዳውን ቧንቧ ይበልጥ ስለሚያጠብብ ለስኳር ሕመምተኛ ከሁሉ የከፋ ነው።

በጾም ወቅት፣ የክርስቲያኑም ሆነ የእስላሙ፣ ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ከጤና ባለሙያ ጋር ይመካከር። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ስኳር ወርዷልና ወዲያው ጣፋጭ ነገር መውሰድ ግድ ነው።

ሐ. እንቅስቃሴ። ስብ የሚነደው በሥራ ነው ብለናል። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለት በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን፣ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ማታ ሲቀዘቅዝ መሄድ ይቻላል። የእግር ቁስል ያለበት ሰው ግን ቁስሉ እስኪድን ድረስ በእግሩ ላይ ጫና እንዳያበዛ ሐኪሙን ይጠይቅ።

መ. ስኳርን ማስተካከል። ስኳር ሲስተካከል ትራይግሊሰራይድም አብሮ ይወርዳል። ሜትፎርሚን ወይም ኢንሱሊን ማቋረጥ ማለት የጎተራውን በር መክፈት ነው።

ይህ ሁሉ ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። በአገራችንም ታይቷል። የጎንደርና የጅማ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማን ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው፣ የሠለጠኑ ነርሶች በሽተኛውን በቅርቡ እንዲከታተሉት አድርገዋል። ሕመምተኛን ያቆየው በየወሩ ሳይቋረጥ የሚሰጥ መድኃኒትና የሚያውቀው ነርስ ነው።

8. ክፍሉን እንዳንፈልግ እግራችንን እንጠብቅ

የኦክስጂን ክፍል የሚታሰበው እግር ከቆሰለና ከከረመ በኋላ ነው። የስኳር በሽታ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሰው እሾህ ገብቶበት ሳያውቅ ይውላል። ስለዚህ፦

በየማታው ሁለቱንም እግር፣ ጣት በጣት፣ ከሥርም ተመልከቱ። ጎንበስ ማለት ያቃተው በመስታወት ወይም በልጅ ዓይን ያሳይ።
ታጥባችሁ በጣቶች መካከል በደንብ አድርቁ። ውሃው ሙቅ መሆኑን በክርን ፈትኑ፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አያውቅም።
በባዶ እግር አትሂዱ፤ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉት፤ ጠጠርም ጊንጥም ሊኖር ይችላልና።
የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አትቁረጡ።
ቁስል፣ ጥቁረት፣ ሽታ፣ እብጠት ወይም ከሌላው እግር የተለየ ሙቀት ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

9. ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት

ወገን ለወገን ማዋጣቱ መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ከዚህ እስከ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስደተኛ ደግሞ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አራት ነገር እንጠይቅ፦

አንደኛ፣ ሕክምናውን ያዘዘው ታማሚውን የመረመረ ሐኪም ነውን? ያዘዘው ለምንድን ነው፤ ለቁስል ወይስ ለቅባት? ለቅባት ከሆነ ገንዘባችንን እንያዝ።
ሁለተኛ፣ የተነገረን ዋጋ የአንድ ጊዜ ነው ወይስ የ30ና የ40 ጊዜ? የማደሪያውና የምግቡስ?
ሦስተኛ፣ የእግሩ የደም ቧንቧ ታይቷል? ቁስሉ በደንብ ተጠርጎ ታክሟል?
አራተኛ፣ «ኪኒኑን አቁሙ» ያለ አለ? ካለ ከእርሱ ራቁ። የትኛውም ደህና ሐኪም ለዚህ ክፍል ሲል የስኳር መድኃኒት አያስቆምም።

የተዋጣ ገንዘብ ካለ ለደም ቅባት ምርመራ፣ የጎደለ ኪኒን ለመግዛት፣ እግር የሚሸፍን ደህና ጫማ ለመግዛትና ወደ ሆስፒታል ለመመላለሻ ቢውል ለብዙ ሰው ይደርሳል።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ሕዋስ ከማስገባት ሌላ ምን ይሠራል?
2. በኬንያ ወረቀት ላይ የደም ስኳር 7 ቢል በኢትዮጵያው መለኪያ ስንት ነው?
3. በግፊት የሚሰጥ ኦክስጂን ለስኳር ሕመምተኛ ሊታዘዝ የሚችለው ለምንድን ነው?
4. ኦክስጂን መጨመር ብቻውን ስብን የማያቃጥለው ለምንድን ነው?
5. አንድ ዘመዳችን ወሬውን ሰምቶ ኪኒኑን ቢያቆም ምን እንለዋለን?

መልስ

1. የተከማቸ ስብ ያለ ልክ ወደ ደም እንዳይለቀቅ ይጠብቃል።
2. 7 × 18 = 126።
3. ተገቢው ሕክምና ሁሉ ተደርጎለት አልድን ላለ ለተመረጠ የእግር ቁስል፣ እንደ ተጨማሪ።
4. የሚነደው የስብ መጠን የሚወሰነው ሰውነት በሚሠራው ሥራ ስለሆነ፤ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው የያዘውን ኦክስጂን እንኳ አይጨርስም።
5. በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ይህን ጽሑፍ እናንብብለት፤ ዛሬውኑ ኪኒኑን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ አብረነው እንሂድ።

ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ይህን ትምህርት በየብሎኩ ጮክ ብላችሁ እንድታነቡላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።